ቋንቋን ቋንቋ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የወረደ ሰው ቆሮሶውና አምባዛው ተሸጦ እስኪያልቅ ድረስ ቢያንስ አራት ቋንቋ ይሰማል። መረብ የሚጎትቱት በሲዳሙ አፎ ይጠራራሉ፤ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች በወላይትኛ ይጨዋወታሉ፤ እንግዳው በአማርኛ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ከሻሸመኔ የመጣው ነጋዴ ስልኩን አንሥቶ በኦሮምኛ ያወራል። ማንም አይገረምም፤ ከተማው እንዲህ ነው። የሚገርመኝስ ስለ ቋንቋ ጨዋታ ሲነሣ የሚባለው ነው። "ፊደል ከሌለው ምኑን ቋንቋ ሆነ?" የሚል አለ። "እሱማ ቀበሌኛ ነው" የሚል አለ። የምልክት ቋንቋ ደግሞ ለብዙ ሰው በእጅ መጠቋቆም ይመስለዋል። እነዚህ አባባሎች ተናጋሪውን ያሳንሳሉ፤ በዚያ ላይ ትክክል አይደሉም። ትክክል ያልሆኑበትን ምክንያት ለማየት ቋንቋ ከምን እንደተሠራ ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ከእንስሳት እንነሣ። በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ጦጣና ጉሬዛ ሞልቷል፤ እርስ በርሳቸውም ይግባባሉ። የእኛዋ ጦጣ የቅርብ ዘመድ በምትኖርበት በኬንያው አምቦሴሊ ሮበርት ሴይፋርትና ዶረቲ ቼኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ታትሟል። ጦጣዎቹ ነብር ሲያዩ አንድ ዓይነት፣ ንስር ሲያዩ ሌላ ዓይነት፣ እባብ ሲያዩ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ። ተመራማሪዎቹ ድምፆቹን ቀድተው አንድም አውሬ በሌለበት ሲያሰሟቸው፣ የነብሩን የሰሙት ዛፍ ላይ ወጡ፤ የንስሩን የሰሙት ወደ ሰማይ አንጋጠጡ፤ የእባቡን የሰሙት በኋላ እግራቸው ቆመው መሬቱን ቃኙ። እንግዲህ ድምፁ ትርጉም አለው፤ ዝም ብሎ የፍርሃት ጩኸት አይደለም።

ጦጣዋ ግን የማትችለው ብዙ ነው። "ትናንት እዚህ ነብር ነበር" አትልም። "ዛሬስ ነብር የለም" አትልም። "ነብር ቢመጣ በየት በኩል እንሸሻለን?" ብላ አትጠይቅም። የንብ ውዝዋዜ ለዚህ ጥቂት ይቀርባል፤ ንብ በቀፎው ውስጥ እየተወዛወዘች ከዓይን የራቀው አበባ በየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ርቀት እንዳለ ለሌሎቹ ታመለክታለች። ይህን የደረሰበት ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሆኖም ንቧ ከምግብና ከማደሪያ ቦታ የዘለለ ወሬ የላትም። ሰው ስላለፈው፣ ስላልመጣው፣ ከነጭራሹ ስለሌለው ነገር ይናገራል። ይመኛል፣ ይዋሻል፣ ቃል ይገባል፣ ተረት ይፈጥራል። ትናንት ያልነበረ ዐረፍተ ነገር ዛሬ ሲናገር ሰሚው ያለ ችግር ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ አቅም የሚመጣው ቋንቋ በሁለት ደረጃ ስለተሠራ ነው። በታችኛው ደረጃ ለየብቻቸው ትርጉም የሌላቸው ጥቂት ድምፆች አሉ። አማርኛ ያሉት ድምፆች ከ40 እምብዛም አይበልጡም። "ንብ አበባ ቀሰመች" ስንልና "አበባው ከሰመ" ስንል በ"ቀሰመ"ና በ"ከሰመ" መካከል ያለው ልዩነት የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው፤ ቅ ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን አየሩን በኃይል እንለቃለን፣ ክ ስንል እንዲያው እንተወዋለን። ሁለቱ ድምፆች ለየብቻቸው ምንም አይሉም። ቃል ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ማር ያመጣል፣ ሌላው አበባ ያደርቃል። በላይኛው ደረጃ ከእነዚህ ድምፆች ቃላት ይሠራሉ፤ ከቃላቱ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌለው ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ቃሉና ነገሩ የሚተሳሰሩት በተናጋሪዎቹ ልማድ ነው። "ቆሮሶ" በሚለው ድምፅ ውስጥ ዓሣ የሚመስል ነገር የለም፤ የስዊዘርላንዱ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ከመቶ ዓመት በፊት ለተማሪዎቹ አጥብቆ ያስተምር የነበረውም ይህንኑ ነው።

ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ከራሳችን አፍ ማየት ይቻላል። አማርኛ ሰ፣ በ፣ ር የሚሉ ሦስት ተነባቢዎችን ይዞ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ እያለ ይሄዳል። በኢንተርኔት ላይ መጻፍ ሲመጣም "ጦማር" የሚለው የቆየ ቃል ተነሣና ጦመረ፣ ይጦምራል፣ ጦማሪ ሆነ። ለተናጋሪው የእርባታ ሰንጠረዥ ያደለው አልነበረም፤ ቅርጹ በሁላችንም አእምሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳየን ግን ሕፃን ልጅ ነው። "አትሂድ" የሚለው "ሂድ" አለው፣ "አትውጣ" የሚለው "ውጣ" አለው። ስለዚህ ልጁ "አትምጣ" ከሚለው ተነሥቶ አባቱን "ምጣ!" ይለዋል። ቤተሰብ ይስቃል፤ አዋቂ "ና" ነው የሚለው። ነገሩን ልብ ብሎ ላየ ግን ልጁ አስደናቂ ሥራ ሠርቷል። "ምጣ" የሚል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ እንግዲያስ የሰማውን እየደገመ አይደለም። ማንም ያላስተማረውን ሕግ ከሰማው ሁሉ ውስጥ ራሱ አውጥቶ ሥራ ላይ አውሎታል። የዓለም ልጆች ሁሉ፣ ቋንቋቸው ማንኛውም ይሁን፣ ይህን የሚያደርጉት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ነው።

ሕጎቹ ከቋንቋ ቋንቋ በጣም ይለያያሉ። በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው ቤንችኛ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት፤ ያው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሌላ ቃል ይሆናል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ደረጃ የሚለይ ቋንቋ ጥቂት ነው። ቻይንኛ ግሱን እንደ እኛ አያረባም፤ ሥራውን በቃላት ቅደም ተከተልና በአጋዥ ቃላት ይጨርሳል። አንዱ ዘንድ በግስ እርባታ የሚሠራው ሌላው ዘንድ በድምፅ ከፍታ ወይም በቃላት ሰልፍ ይሠራል። የቋንቋ ባለሙያዎች በዓለም ካሉት 7,000 ያህል ቋንቋዎች መካከል ሰዋስው የሌለው ወይም ሐሳብ መግለጽ ያቃተው አንድም አላገኙም። የጎደለ የሙያ ቃል ሊኖር ይችላል፤ ቃል ግን ይፈጠራል፣ ይዋሳል። አማርኛም ባቡርን፣ ባንክን፣ ኮምፒውተርን የሚጠራበት ቃል ይዞ አልተወለደም።

ጎረቤታሞች ሲሆኑ ደግሞ ቋንቋዎች ይወራረሳሉ፤ የሐዋሳ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጥመኝ። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ሲዳሙ አፎና ኦሮምኛ ኩሻዊ ናቸው፣ ወላይትኛ ኦሞአዊ ነው። ሦስቱም ወገኖች አፍሮ እስያዊ በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ግን የተለያዩት እጅግ በጣም ጥንት ነው። ሆኖም አማርኛ ግሱን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ግዕዝና ዐረብኛ ግን ግሱን ፊት ያስቀድማሉ። አማርኛ ይህን ልማድ ያገኘው ከኩሻዊ ጎረቤቶቹ ጋር ለዘመናት አብሮ ከመኖር እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። "ዝም አለ" የምንለውን ኦሮምኛው "ጨል ጄዼ" ይለዋል፤ እሱም ቃል በቃል "ዝም አለ" ነው። ዝም ያለ ሰው ምንም አላለም፤ እኛ ግን በ"አለ" እንገልጸዋለን፣ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለ የቋንቋ ሊቅ እነዚህን የጋራ ጠባዮች ሰብስቦ ኢትዮጵያን አንድ የቋንቋ ቀጣና ብሏታል። ቤተሰባቸው ቢለያይም አብረው ኖረው ተመሳስለዋል።

ፊደልና ቋንቋ

አሁን ወደዚያ "ፊደል የለውም" ወደሚለው ነገር ልመለስ። በሜሶጶጣሚያ ጽሕፈት ከተጀመረ ገና 5,000 ዓመት ቢበልጠው ነው፤ ሰው ግን ከዚያ በፊት በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ሲናገር ኖሯል። ጽሑፍ የንግግር ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶ ያልተነሣ ሰው የለም አይባልም። ፎቶው ደግሞ ሁሉን አያሳይም። የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ተነባቢውን ብቻ ይጽፍ ነበር፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንቆጥራቸው የአናባቢ ምልክቶች የገቡት በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ገደማ ነው። አማርኛ ሲጽፍበት ደግሞ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የመሳሰሉትን ጨመረ። ይህም ሆኖ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ፊደሉ እስከ ዛሬ አይለይም። "ዋና" ብለን ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ማለት ነው። "ገና"ም እንዲሁ፤ ሲጠብቅ የጌታ ልደት፣ ሲላላ "ጊዜው አልደረሰም"። ልዩነቱ በቋንቋው ውስጥ አለ፣ በጽሑፉ ውስጥ የለም። አንባቢው ከአእምሮው ይሞላዋል።

የሲዳሙ አፎ ታሪክ ይህን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለትምህርቱ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ወደ ላቲን ፊደል ተዛወረ። ዛሬ በሐዋሳ የቢሮ ታፔላዎች ላይ የምናየው የሚጠብቀውን ተነባቢና የሚረዝመውን አናባቢ ፊደሉን በመደገም ያሳያል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ሁለት ቦታ ላይ የተደገመ አናባቢ አለው። ፊደሉ ተቀየረ እንጂ ቋንቋው አልተቀየረም። በጓሮዋ እንሰት የምትፍቅ እናት በፊደል ለውጡ የተነሣ ያጣችውም ያገኘችውም ቃል የለም።

ይህን ስል ጽሕፈት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በአፍ ብቻ የሚኖር ቋንቋ ፍርድ ቤት፣ ክሊኒክና መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በመንግሥት እኩል ዕውቅና እንዲኖራቸው ሲደነግግ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ እንዲወስኑ ፈቅዷል። ያ መብት ሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ መዝገብ፣ መጽሐፍና አስተማሪ ሲኖር ነው።

ቋንቋና ቀበሌኛ

በዚህ ጉዳይ ሳይንሱ ራሱ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ተናጋሪዎቹ ከተግባቡ ቀበሌኛ ነው፣ ካልተግባቡ ሁለት ቋንቋ ነው የሚለው መለኪያ በወረቀት ላይ ያምራል። ጎንደሬው "ሂጀ ነበር" ሲል አዲስ አበቤው "ሄጄ ነበር" ይላል፤ ይግባባሉ፤ ሁለቱም አማርኛ ነው። የሐዋሳ ልጅም የራሱ ቅላጼ አለው። ከእነዚህ አንዱን "ትክክለኛው አማርኛ" የሚያደርገው ሰዋስዋዊ ምክንያት የለም፤ አንደኛው የሬዲዮና የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ መሆኑ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የማንዳሪንና የካንቶን ተናጋሪዎች አይግባቡም፤ ሁለቱም ግን "ቻይንኛ" ይባላሉ። ሰርብኛና ክሮሽኛ የሚናገሩት በሚገባ ይግባባሉ፤ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ግን ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ተባሉ።

እኛም ዘንድ ይህ በደም የተጻፈ ታሪክ አለው። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ በጣም ተቀራራቢ ናቸው፤ አጥኚዎች ኦሜቶ በሚባል አንድ ቡድን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። መቀመጫው ሐዋሳ የነበረው የያኔው የደቡብ ክልል አስተዳደር አራቱን አዋሕዶ "ወጋጎዳ" የሚል አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማዘጋጀት ሞከረ፤ መጻሕፍትም ታተሙ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሶዶ ውስጥ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ቀሩ። የድምፅና የሰዋስው ንጽጽር ብቻ ለተመለከተ ሰው ሐሳቡ ሊሆን የሚችል ይመስል ነበር። ልጁ የሚማርበት መጽሐፍ የእናቱን አፍ መምሰሉን የሚመዝነው ግን ወላጁ ነው፤ እሱም አልመሰለውም። ቋንቋ ሰው ማንነቱን የሚያውቅበት ነገር ስለሆነ "ይህ ቀበሌኛ ነው" የሚለው ፍርድ ከሰዋስው መጽሐፍ ብቻ አይወጣም። እኔ በበኩሌ ተናጋሪዎቹ "ቋንቋችን ነው" ሲሉ ማመን ይገባል ባይ ነኝ።

በአንድ ቋንቋ ውስጥም ያው ሰው እንደ ቦታው ይናገራል። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ያለው ወጣት ቀበሌ ሲገባ "ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው" ብሎ ይጽፋል፤ ጓደኛውን "አንተ" ያለበት አፉ አያቱን "አንቱ" ይላል። አዝማሪዎች ሌላው የማይሰማው የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ ልጆችም በየቃሉ ድምፅ እየሰነቀሩ "የወፍ ቋንቋ" ይጫወታሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሲዳማ ሴቶች ባሊሻ ነው። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም፤ ያ ብቻ ሳይበቃ በስማቸው የመጀመሪያ ቀለም፣ ማለትም በመጀመሪያው የቃል ክፍለ ድምፅ፣ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም አትናገርም። አማቷ ላሚሶ ነው እንበል። በሲዳሙ አፎ ሁለት ቁጥር "ላሜ" ነው፣ ሰባት "ላማላ" ነው፤ እነዚህን ከአፏ ማውጣት አይገባትም። ስለዚህ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይም ነገሩን በገለጻ ትጠራዋለች፣ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀውን የሴቶች ቃል ትጠቀማለች። በአማርኛም ቀደም ሲል ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም ነበር፤ ነገሩ ግን ከስሙ አያልፍም። ባሊሻ የምትጠቀም ሴት ቡና እየቀዳች፣ ልጅ እየተቆጣች፣ ገበያ እየተነጋገረች እያንዳንዱን ቃል ከመናገሯ በፊት የመጀመሪያ ቀለሙን ትመዝናለች፤ ንግግሯ ግን አይቆራረጥም። ምሁሩ አንበሳ ተፈራ ይህን እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፉት ጥናት መዝግበውታል። ቀለም የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት እንዲህ አጥርታ ማወቋ፣ የቋንቋ ዕውቀት ከማንበብና ከመጻፍ ፈጽሞ የተለየ ነገር መሆኑን ያሳያል። ዛሬ በከተማው ወጣቶች ዘንድ ልማዱ እየቀረ ነው፤ የሚያውቁት እናቶች ሳያልፉ መቀዳት ያለበት ይመስለኛል።

ያለ ድምፅ የሚነገረው

ቋንቋ ድምፅ የግድ ያስፈልገዋል? በካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላ ጎሜራ ሰዎች ከሸለቆ ሸለቆ በፉጨት ይነጋገራሉ፤ ፉጨቱ ግን ስፓኒሽ ነው፤ ያው ቋንቋ በሌላ መንገድ መጣ እንጂ ሌላ ቋንቋ አልሆነም። ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋንም እንዲህ፣ አማርኛን በእጅ መናገር አድርጎ ያስበዋል። አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ መምህራን መስማት የተሳናቸው ልጆች በከንፈር ንባብና በንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ፤ ምልክት በብዙ አገር ከክፍል ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ1960 ግን አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ስቶኪ አንድ ምልክት ተቆራርሶ የሚታይ መሆኑን አሳየ፦ የእጁ ቅርጽ፣ እጁ ያለበት ቦታና እንቅስቃሴው። ሦስቱ ለየብቻቸው ትርጉም የላቸውም፤ አንዱ ሲቀየር ግን ሌላ ቃል ይወጣል። ቅ እና ክ "ቀሰመ"ን ከ"ከሰመ" የለዩት በዚሁ መንገድ ነበር። በሁለት ደረጃ የተሠራ መሆን ማለት ይህ ነው፤ እጅም ያደርገዋል። ሰዋስዉ በቦታና በፊት ገጽታ ይሠራል፤ በብዙ የምልክት ቋንቋዎች ጥያቄ መሆኑን የሚናገረው ቅንድብ ነው። በዓለም ላይም አንድ የምልክት ቋንቋ አይደለም ያለው፤ ከ100 በላይ ናቸው። በኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማናጓ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት አንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ ከአዋቂ ያልተማሩትን አዲስ ቋንቋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሳቸው ፈጠሩ፤ ከኋላ የመጡት ታናናሾችም ሰዋስዉን አበለጸጉት።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ወዲህ ተስፋፍቶ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ስምና አዲስ ቃል ለመጻፍ የሚያገለግለው የጣት ፊደል የግዕዝን ፊደል አሠራር ይከተላል፦ ተነባቢው በእጅ ቅርጽ ይታያል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። እዚሁ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው የሚጨዋወቱ ወጣቶችን ላየ፣ ስማቸውን ለአዲስ ሰው ሲያስተዋውቁ እጃቸው አንድ ቅርጽ ይዞ እያለ ፈጠን ብሎ ጎን ወይም ታች ሲል፣ ያ ካዕብና ሣልስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ግን አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ቃላትና የራሱ የቃል ቅደም ተከተል አለው።

ስለዚህም መስማት ለተሳነው ተማሪ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ደብተሩ ላይ "በ" እና "ከ" ሲምታቱበት፣ የግሱ መድረሻ ሲሳሳት፣ እንግሊዝኛ ስንጽፍ እኛን የሚገጥመን ነው የገጠመው፤ ብዙ መምህር ግን የአእምሮ ድክመት አድርጎ ያርመዋል። አብዛኞቹ እነዚህ ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ወላጆቹም ምልክት አያውቁም። "ምጣ" ብሎ ሕግ ለመሥራት የሚችለው ያ አእምሮ በእነሱም ዘንድ ሙሉ ነው፤ የጎደለው የሚሠራበት ቋንቋ ነው። ጊዜውም አይጠብቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋንቋ ያላገኘ ልጅ በኋላ ቢያስተምሩትም ሰዋስዉ እንደ እኩዮቹ አይሰላለትም። ልጃቸው እንደማይሰማ ያወቁ እናትና አባት ጥቂት ምልክት ተምረው በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ መጠቀም ቢጀምሩ፣ እነሱ ቢንተባተቡ እንኳ፣ ልጁ የሚያየውን ይዞ ሕጉን ያወጣል፤ ከሌሎች ምልክት ከሚያውቁ ልጆችና አዋቂዎች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወላጆቹን ጥሏቸው ይሄዳል።